ሳቢሃ በቪዛው መስኮት ፊት

ሳቢሃ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ናት። ዛላውን ሰብራ ሳታሸት አትገዛም፤ ውሃ ነክቶት የሻገተ ካገኘች ሻጩን በገበያ መሃል ታዋርደዋለች። እህቷ በወሊድ ስትሞት አራሷን ልጅ ዓቢዳን ታቅፋ ወደ ቤቷ የወሰደችው እሷ ናት። ከራሷ ሕፃን ጋር ጡት አጥብታ አሳደገቻት። በሃይማኖታቸው ያጠባች እናት ናት፤ በሰፈሩም ቢሆን ሌላ እናት አላት ያለ ሰው የለም።

ዓቢዳ አድጋ ጀርመን ገባች፣ ዜግነትም አገኘች። አምና ለሥራ ወደ ቤልጂየም ስትዛወር ቪዛ የጠየቃት የለም፤ መታወቂያዋን ይዛ ባቡር ተሳፈረች፣ በቃ። ሳቢሃ ይህን ስትሰማ አንገሸገሻት። እሷ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ለመድረስ እንኳ ከመኪና ስትወርድና ስትፈተሽ፣ መታወቂያዋን ሲያገላብጡባት ነው የምትውለው።

ከዚያ ዓቢዳ አረገዘች። ወላጇ በምጥ ስለሞተች ፈርታለች። "እማዬ፣ ስወልድ አጠገቤ ሁኝልኝ" አለች። ሕጉም አለላት፤ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ በሌላ አባል አገር የምትኖር ከሆነ፣ የምትጦራትን እናቷን ለማስመጣት መንገዱ ይቀልላታል።

አዲስ አበባ፣ በቤልጂየም ኤምባሲ፣ ከቪዛው መስኮት ማዶ የተቀመጠው ወጣት፣ "እናቴ፣ ልጅቷ ምንዎ ናት?" አላት።

"ልጄ።"

"እርስዎ ወለዷት?"

"አጠባኋት።"

ወጣቱ ፈገግ አለ። የልደት ማስረጃው ላይ ያለው የሟች እህቷ ስም ነው። ቀላሉን መንገድ ለማግኘት የሐሰት ቃል ሰጥተዋል ተብላ ተመለሰች። ድንቄም ሐሰት! እሱ አይቷት የማያውቃትን ሴት "እናቴ" ይላል፤ እሷ አጥብታ ያሳደገቻትን ልጅ "ልጄ" ስትል ግን ውሸታም ሆነች።

ዓቢዳ በስልክ አለቀሰች። "አክስቷ ነኝ በያቸው፣ እማዬ። ለወረቀቱ ያህል እኮ ነው። ብቻ ምጤ ሳይመጣ ድረሽልኝ።"

ሳቢሃ ስትብሰለሰል ሰነበተችና ለልጇ ስትል እንደገና ሄደች። "አክስቷ ነኝ" አለች።

"አዩ፣ እውነቱን መናገር እንዴት ቀላል ነው!" አላት ወጣቱ። "ግን ያ መንገድ ለእናት ነው። አክስት ከሆኑ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ወረፋ ይጠብቃሉ።"

ተራዋ ሳይደርስ ዓቢዳ በሰው አገር ሆስፒታል፣ ያለ እናት ወለደች።

"እማዬ፣ አያት ሆንሽ!" ብላ ስትደውል ሳቢሃ በርበሬ ተራ መሃል ቆማ ነበር። እልል ልትል ቃጣት። ግን ልጇን የካደችበት ያ አፍ አስጠላት፤ በሻሿ ጫፍ ከደነችው።