አርባኛዋ ልጅ ከታች ትቆጠር?

ዛሬ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ የሞተችው ልጄ ትቆጠር አትቆጠር ተብሎ ተከራከርን። ስሟን ግን ማንም አልጠራም።

ከመቶ ስንት ተማሪ ፈተናውን እንዳለፈ ለወረዳው የተላኩት ሁለት ሪፖርቶች አልተስማሙም። ስለዚህ መምህርቷ ስሌቱን ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ቦታ ልትጽፈው ነው፤ ከእንግዲህ ሪፖርቱ ሁሉ ከዚያ ይወስዳል።

«ፈተናውን ያለፉት ከላይ ይሆናሉ። ከታች አድርገን የምናካፍለውስ ለማን ነው? ለተመዘገቡት ወይስ ለተፈተኑት?» አለች።

የተመዘገቡት አርባ ናቸው። የተፈተኑት ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሁሉም አልፈዋል። አርባኛዋ የእኔ ልጅ ናት፤ በጥር ሞታለች።

ሰብሳቢው አያ ደሴ «ለተፈተኑት አድርጊው እንጂ! መቶ በመቶ ይሁንና ወረዳው በሬ ይረድልን» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ።

ከዚያ እጄን አወጣሁ። «አያ ደሴ፣ ምነው ከናካቴው ትሰርዟታላችሁ? ተመዝግባ ነበር እኮ።»

ሳቁ ቆመ። መምህርቷ ቀስ ብላ «እትዬ፣ ከቆጠርናት የወደቀች ትመስላለች» አለችኝ።

እሱም እውነት ነው። ልጄ ወድቃ አታውቅም።

በመጨረሻ ሁለት ስሌት ተጻፈ፣ ለእያንዳንዱም ስም ወጣለት፦ «ከተመዘገቡት ያለፉ» እና «ከተፈተኑት ያለፉ»። በመጀመሪያው ሥር መምህርቷ «አንዷ ሳትፈተን በሞት ተለይታለች» የሚል ማብራሪያ ጨመረች።

አርባው አርባ ሆኖ ቀረ።

እናንተ ጋስ ሲቆጠር የጎደለውን ሰው የት ታደርጉታላችሁ? ጻፉልኝ፤ ቀስ እያልኩ አነባለሁ።