የአራሷ መረቅ

ኤባሪስቶ ዓይኑ መድከሙን ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱ ለፕሩደንሲያ እንኳ አልነገራትም። መጀመሪያ የሐይቁ ማዶ ጠፋው፣ ቀጥሎ ደንገሉና ውሃው ተቀላቀለበት፣ አሁንማ ሰውን በድምፁ ካልሆነ በመልኩ አይለየውም። የፖኦፖ ሐይቅ ያኔ እስከ ደጃቸው ሞልቶ ነበርና፣ እሱም እንደ ልማዱ ሊዊውን ትከሻው ላይ ጥሎ በደንገል ታንኳው ይወጣል። ሊዊ ጫፍ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ነው፤ አሽከርክረው ሲወረውሩት የወፉን ክንፍና አንገት ጠምጥሞ ይጥለዋል። ባዶውን ሲመለስ «ዛሬ ነፋሱ ከፋ» ይላል። ፕሩደንሲያም «ከፋ እንጂ» ትለዋለች። እንዲህ እየተባባሉ ሰነበቱ።

ነገሩ የከበደው ልጃቸው ኤውላሊያ ስትወልድ ነው። ሕፃኑ ደህና ነው፣ ጩኸቱ ሰፈሩን ይሞላል። የእናቲቱ ወተት ግን አልወርድ አለ። ያዋለደቻት እትዬ ማክሲማ ጡቷን ዳበሰችና፣

«የቾካ መረቅ ነው የሚያስፈልጋት፤ እስካሁን ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች። ቾካ ያቺ ጥቁሯ የውሃ ዶሮ ናት።

አማቻቸው ሲልቨሪዮ ብድግ አለ። «እኔ አሁኑኑ በጠመንጃዬ አመጣላታለሁ።»

«ቁጭ በል አንተ። ጥይት የነካውን ለአራስ ልታበላ ነው? ደሟ የፈሰሰ ወፍ ምን ወተት ታወርዳለች? በሊዊ ነው፣ ያውም በአባቷ እጅ። አንተ ስትወልድ ደግሞ ያንተ አባት ያድንልሃል» አለችው ማክሲማ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ኤባሪስቶ ግን አልሳቀም። ኤውላሊያ ከመኝታዋ ሆና «አባዬ፣ ከደከመህ ይቅር» አለችው።

«ማን ደከመኝ አለ?» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ብቻውን ሄደ። ደንገሉ ውስጥ የሚንጫጩትን እየሰማ ወደ ድምፁ ወረወረ። ሳተ። ገመዱን ጎትቶ ደግሞ ወረወረ፣ ደግሞ ሳተ። ክንዱ እስኪዝል ድረስ እንዲህ ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንድ ነገር ውሃው ላይ ተንፈራገጠ። ሲደርስበት ሊዊው ጭንቅላቱንም ክንፉንም አንድ ላይ ተብትቦታል። ከገመዱ የተረፈው እግሩ ብቻ ነው። በጣቶቹ ዳሰሰው። የእግሩ ጣት እንደ ቅጠል ግራና ቀኝ ሰፍቷል። ቾካ ናት። ደስ ስላለው ገመዱን እንኳ ሳይፈታ ወደ ቤት ቀዘፈ።

ፕሩደንሲያ ፈታችው። ገመዱ ሲላቀቅ የወጣው ግንባሩ ላይ ጠንካራ ጉብታ ያለው የቾካ ጭንቅላት ሳይሆን ሹል ምንቃር ነበር። ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ዓሣ የሚበላው ጠላቂው ወፍ ነው። እግሩ ከቾካ እግር ጋር አንድ ነው፤ በእግሩ ብቻ የፈረደ ሰው ይሳሳታል፣ ግን ደግሞ ማን በእግር ብቻ ይፈርዳል? ቀና ብላ ባሏን አየችው። እጁን እየታጠበ ያፏጫል። ገነጣጥላ፣ ቃሪያ አብዝታበት፣ በውርጭ ከደረቀው ድንች ጋር ጣደችው።

ድስቱ ሲፈላ ሽታው ቤቱን ሞላው። ፉጨቱ ቆመ።

«ይሄ ለኤውላሊያ አይሆንም» አለ።

«አይሆንም። ለኛ ይሆናል፣ ቅረብ።»

ቀረበ። ሥጋውን ከአጥንቱ እየፈለቀቀች እጁ በሚደርስበት በኩል ታስቀምጥለታለች። ኤባሪስቶ አንዱን ቀመሰ።

«ጠላቂው ነው አይደል?»

«እሱ ነው።»

«እግሩን ዳስሼ ነበር እኮ።»

«እግራቸውማ እህትና ወንድም ነው።» ሌላ ቁራሽ አቀረበችለት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ደንገል ካጨድን ወዲህ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እኔ ከዚያም በፊት መስሎኝ ነበር። የሲልቨሪዮን በግ 'እንደምን አደርሽ እትዬ' ስትላት ሰምቼሃለሁ።»

«ታውቂ ኖሯል? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ?»

የመጨረሻውን ቁራሽ ወደ እሷ ገፋላት።

ጠዋት ታንኳው ጋ ሲደርስ ፕሩደንሲያ ቀድማው ውስጡ ተንበርክካለች፤ የመግፊያውን ዘንግም ይዛለች።

«ወዴት ነው?»

«ካንተ ጋር።»

«ሴት የአዳኝ ታንኳ ላይ አትወጣም። ወፍ ይሸሻል።»

«ያንተ ወፍማ እኔ ሳልወጣም ሸሸ።»

ሳቁ አመለጠውና ወጣ። እንደ ወትሮው ከፊት በባዶ እግሩ ቆመ፣ እሷ ከኋላ እየገፋች ደንገሉ ውስጥ ገቡ። እዚያ መነጋገር የለም፤ ወፍ የሰው ድምፅ ከሰማ ዘወር ብሎም አያይም። የደንገል ታንኳ ደግሞ እንደ ፍራሽ ለስላሳ ነው፣ ከኋላ ያለው ሰው ትንሽ ከተነቃነቀ ከፊት ያለው በውስጥ እግሩ ይሰማዋል።

ፕሩደንሲያ መግፋት አቆመች። የሆነ ቦታ ቾካዎች ሊነሱ ውሃውን በእግራቸው ሲመቱ ይሰማል፣ ግን ድምፁ ከየትም የሚመጣ ይመስላል። ኤባሪስቶ ሊዊውን ማሽከርከር ጀመረ፣ የት እንደሚጥለው ግን አያውቅም። ልጁን አሰበ። ባዶ እጁን ቢመለስ ምን እንደሚላት አሰበ። ያኔ ታንኳው በግራ እግሩ በኩል ዝቅ አለ። ፕሩደንሲያን ያንሸራተታት መሰለው። ታንኳው ግን እንዳዘመመ ቀረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መሃል መመለስ ጀመረ፣ አንድ ነገር እየተከተለ እንደሚሄድ። ኤባሪስቶም እግሩ የነገረውን ተከትሎ ዞሮ ሊዊውን ለቀቀው።

ውሃው ተንቦጫረቀ። ለመጠየቅ ፈራ።

«አሁን ማውራት ይቻላል?» አለች ከኋላው።

«ምን ሆነ?»

ወፏን ጎትታ አወጣችና እጁ ላይ አኖረችለት። አውራ ጣቱ ግንባሯን ፈለገ፣ ጠንካራውን ጉብታ አገኘ። ቤት እስኪደርሱ ጣቱን ከዚያ ላይ አላነሳም።

ላባውን አብረው ነጩ። በዚህ እንኳ እሱ ይበልጣታል፣ አንዲት ላባ ከእጁ አታመልጥም። በእሳት ለብለብ አድርገው፣ ከጥቂት ጨውና ኪኖዋ ከሚባለው እህል ጋር በቀስታ ቀቀሉ። መረቁን ኤባሪስቶ ራሱ ይዞ ሄደ፤ ፕሩደንሲያ የቀሚሷን ኮሽታ እንዲከተል ትንሽ ቀደም አለችለት።

እትዬ ማክሲማ በር ላይ አስቆመችው። «በእጅህ ነው?»

«በእጄ ነው።» ትንሽ አመነታ። «ዓይኔ ግን አላየም፣ እትዬ። ፕሩደንሲያ ታንኳው ላይ ነበረች።»

ማክሲማ አንዱን ያየች፣ ሌላውን ያየች መሰለው። «ግቡ፣ ይቀዘቅዛል» አለች በመጨረሻ።

ኤውላሊያ ጠጣች። ድገሙኝ አለች፣ ደገሟት። ማታም ጠጣች። በማግስቱ ሕፃኑ ሲያለቅስ ቆይቶ ድንገት ፀጥ አለና፣ ኤባሪስቶ ከጥጉ ሆኖ ጉርጭ ጉርጭ የሚል የመዋጥ ድምፅ ሰማ። ሌላ ሰው ልብ አላለውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወደ ቤት ሲሄዱ የፕሩደንሲያን ክንድ ያዘ።

«ትናንት ግን ታንኳውን ሆን ብለሽ አዘንብለሽ ነው ወይስ ተንሸራትተሽ?»

«ተንሸራትቼ ነው።»

«እንግዲያው ነገም ተንሸራተቺ» አላት።