የጋቢናው በር

የአሮጌ መኪና የበር ልባስ ሲነቀል ቋ ይላል። ሰምተሽው ታውቂ እንደሆነ እንጃ፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ አድርገው እንደሚሰብሩት ዓይነት ነው። ባለፈው ሳምንት የአባቴን መኪና ይዤ ደብረ ማርቆስ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ወዳለው የመኪና ወንበር ሰፊ ዘንድ ሄጄ ነበር። የጋቢናው በር ከውስጥ የለበሰው ልባስ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ኮብልስቶኑ ላይ ይንኳኳል፣ አስፋልቱ ላይ ይንኳኳል፣ ቆሜ እንኳ የሚያርፍ አይመስለኝም። ሰውየው በርጩማ ሰጠኝና ካቻቢቴውን በልባሱና በብረቱ መካከል አስገብቶ ሳብ አደረገው። ልባሱን ከብረቱ ጋር የያዘው አንዱ ክሊፕስ ቋ አለ። ከኋላው የአሮጌ ቆዳና የአቧራ ሽታ ወጣ። እኔም እዚያው በርጩማ ላይ እንደተቀመጥኩ ተመልሼ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

አባቴ የኮንትራት ሹፌር ነበር። ሰማያዊ መኪናው በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች። ወደ ይጁቤ ገበያተኛ፣ ወደ ደምበጫ ሙሽራ፣ ወደ ሐኪም ቤት በሽተኛ ያደርስባት ነበር። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ግን ጋቢናው የእናቴ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ክርኗን በሩ ላይ ታሳርፍና መንገዱን ሙሉ ስታወራ ትሄዳለች። የማን ስንዴ እንዳማረ፣ የማን ቤት አዲስ ቆርቆሮ እንደለበሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ አንድ አያመልጣትም። አባቴ «እስቲ ልንዳበት» ይላታል፤ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ። ክርኗ የሚያርፍበት ቦታ ሳስቶ ሳስቶ በመጨረሻ ቀዳዳ አወጣና ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ብቅ አለ።

አሥረኛ ክፍል የገባሁ ዓመት ሞተች። አርባዋ ወጥቶ ዘመዱ ወደየቤቱ ሲበተን፣ እኔና አባቴ በዚያ ቤት ውስጥ ቀረን።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ጋቢና ሰው አላስቀመጠም። ጋቢውን አጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረበት። ተሳፋሪው በሩን ሊከፍት ሲል «ከኋላ ነው» ይላል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ቢኖርም መልስ አያገኝም። ገበያተኛው ከኋላ ተፋፍጎ፣ ዶሮውን ታቅፎ፣ ባዶውን ወንበር እያየ ይሄዳል። እኔም ከኋላ ነኝ። አዎ፣ እኔም ልጁ።

የምፈልገው ሌላ ነገር አልነበረም። ከጎኑ መቀመጥ ነበር። ቤት ውስጥ ራት አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ «እደጊ» ይለኛል፣ ይተኛል። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ የማየው ማጅራቱን ነው፤ ማጅራት ደግሞ አያወራም። በመካከላችን የሚናገረው ያ የተላቀቀ ልባስ ብቻ ነበር፤ ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ። አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና «አባባ፣ ዛሬ ጋቢና ልቀመጥ?» አልኩት። «ከኋላ ይመችሻል» አለኝ። ምቾት ነው ያለኝ እንግዲህ። ፊቴ እናቴን ስለሚመስል እሱን ላለማየት ይሆን እንዲህ የሚያደርገኝ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስብ ነበር። ያኔ የተሰማኝ ብቸኝነት ከዚያ በኋላ ሰው በሌለበት ቤትም አልተሰማኝም።

ልባሱ እያደር ባሰበት። አባቴ አንድ ቀን እኔን ከኋላ እንዳስቀመጠ መኪናውን ወደዚሁ ወንበር ሰፊ ወሰደው፤ ሰውየው ያኔ ገና ወጣት ነው። «ይቺን ቀድጄ ጥዬ አዲስ አለብስልዎታለሁ» አለው። አባቴ «ቀድጄ» የምትለዋን ሲሰማ ቁልፉን አዞረና ሄድን።  በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ወደ ዲማ ይዞኝ ወረደ።

ዲማ የሚኖሩ የአባቴ አጎት ነበሩ። የኔታ ነው የምንላቸው። የብራና መጽሐፍ ይደጉሳሉ፤ የመጽሐፉን የእንጨት ገበታ ቆዳ ያለብሳሉ ማለቴ ነው። የተጎዳ መጽሐፍ ሲመጣላቸው አሮጌውን ቆዳ አይገፉትም፤ ከላዩ ነው ሌላ የሚያለብሱት። «የቀደመው እጅ ከውስጥ ይቀመጥ» ይሉ ነበር። አባቴ እዚያ ድረስ የሄደው ለዚህ መሆኑ የገባኝ ልባሱን ነቅሎ ጉልበታቸው ላይ ሲያኖርላቸው ነው።

የኔታ መነጽራቸው በክር የታሰረ ነው። ልባሱን አገላበጡትና «ይህ ደግሞ የማን ወንጌል ነው?» አሉ፣ ሊያሾፉበት።

«የእሷ ነው» አላቸው አባቴ።

የኔታ ቀዳዳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ነፍሷን ይማር» አሉ። ከሞተች ወዲህ አባቴ ስለእሷ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ለእኔ አልነበረም የተናገረው፤ ቢሆንም ሰማሁ።

የኔታ የሥራቸውን ደንብ አላጓደሉም። ቀይ የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ነክረው አለሰለሱ። ከአሮጌው ላይ አልብሰው፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ በዱቄት ሙጫ ለጥፈው፣ በገመድ አስረው ድንጋይ ጫኑበት። ቆዳ ሲደርቅ ይጨብጣል፤ ጥበቡም እሱ ነው። ከማሰራቸው በፊት ደግሞ በጋለ ብረት ዙሪያውን መስመር አወጡለትና መሐሉ ላይ መስቀል ቀረጹበት። አባቴ «የመኪና በር እኮ ነው የኔታ» ቢላቸው «ታዲያ መስቀል የማያስፈልገው በር የትኛው ነው?» አሉት።

መጽሐፍ ግን ገበታው እንጨት ነው። የመኪናው በር ገበታ የተጨመቀ ካርቶን ነው። ያን ሁሉ ውኃ ጠጣ፤ ቆዳው ሲጨብጥ እሱም አብሮ ተሳበ። በሳምንቱ ስንመለስ ቀይ ሆኖ፣ አምሮ፣ ደርቆ፣ እንደ ቀስት ጎብጦ ጠበቀን። የኔታ ግራ ቀኝ አዩት። «አይ፣ ካርቶን ባሕርይ የለውም» አሉ። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም ማለት ነው። አባቴ ከንፈሩን ነከስ አደረገ፤ ሊስቅ እንደነበር እምላለሁ።

ያም ሆነ ይህ መልሶ ገጠመው። ከታች ያሉት ክሊፕሶች ያዙ፤ ከላይ ያሉት ግን ከቆዳው ውፍረት የተነሳ አልደርስ አሉ። በእጅ ሲጫኑት ይቀመጣል፣ እጅ ሲለቀው ብድግ ይላል። ከየኔታ ቤት ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ልባሱ ዘፍ ብሎ ጋቢው ላይ ወደቀ። አባቴ ቆመ፣ ወርዶ ዞረ፣ ተጫነው፣ ተመልሶ ነዳ። መታጠፊያው ላይ እንደገና ወደቀ። እንደገና ወረደ። ከዚያ በኋላ ሲወድቅ ግን ሞተሩን አጠፋና መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ውጭው ፀሐይ ነበር፤ ጤፉ ገና አልታጨደም፤ ነፋሱ ሲያልፍበት ይሰማል። ማጅራቱን አየሁት። 

«ነይ እስቲ፣ ያዢልኝ» አለኝ፤ ዞር ሳይል።

ከኋላ ወርጄ ዞሬ የጋቢናውን በር ከፈትኩ። አባቴ ጋቢውን ከወንበሩ አነሳና ስቀመጥ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። ክርኔን ቀዩ ቆዳ ላይ ጫንኩት። ልባሱ ዝም አለ፤ መኪናውም ዝም አለ። ከዲማ ወደ ዋናው መንገድ ወጣን። ከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «ያ የማን ስንዴ ነው?» አለኝ።

የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እኔ የትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን የአንድ ጎረቤታችንን ስም ጠራሁ።

«ውሸትሽን ነው» አለና ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ማልቀሴን እንዳያይ።

ከዚያ ወዲያ ጋቢናው የእኔ ሆነ። ያ ልባስ የሚይዘው ሰው ይፈልግ ነበርና ትምህርት ከሌለኝ ይጁቤም ደምበጫም አብሬው ነኝ። አሮጊቶች በሩ ሲከፈት መስቀሉን አይተው ጎንበስ ብለው ይሳለሙታል፤ አባቴ «ቀስ ይበሉ እናቴ፣ ይወድቅብዎታል» ይላል። ስንዴውንም ተማርኩ፤ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደተኳረፈ። ኋላ ደምበጫ አስተማሪ ሆኜ ስሄድ እሁድ እሁድ እየመጣሁ እይዝለት ነበር። ባልመጣሁ ጊዜ ወደየት እንደሚሄድና ልባሱን ምን እንደሚያደርገው አልጠየቅሁትም። አሁን ልጠይቀው ብዬ የት አገኘዋለሁ። ክረምት ሲገባ ሞተ። መኪናዋን ይዤ እኔ ቀረሁ።

ወንበር ሰፊው ልባሱን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠውና ራሱን ነቀነቀ።

«አባትሽን ስንት ጊዜ ለመንኳቸው» አለኝ። «ሁለት ብሎን የሚበቃው ነገር ነበር። አሁን እዚሁ ልምታልዎ ስላቸው፣ ተወው፣ የሚይዘው ሰው አለ ይሉኝ ነበር።»

 ለካ አባቴ ያውቅ ኖሯል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ቆሞ ሁለቱን ብሎን ቢያስመታ ኖሮ እኔ ከኋላ ነበርኩ።

ሰውየው የቆዳውን ጠርዝ በካቻቢቴ ገለጥ አደረገ። ክርኔ ያረፈበት ቀዩ ቆዳ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ከሥሩ የእናቴ ክርን ያወጣው ቀዳዳ አለ። አንድ ቦታ ነው።

«ታዲያ ምን ላድርገው?» አለኝ።

«አዲስ ሥራለት» አልኩት። «አሁን የሚይዘው ሰው የለም።»

አዲስ ሰሌዳ ቆርጦ፣ ግራጫ ልባስ በማስቲሽ ለጥፎ፣ ክሊፕሱን አንድ በአንድ እየጫነ ገጠመው። በሩ ያለ ምንም ድምፅ ተዘጋ። አሮጌውን ወደ ጥራጊው ሊወረውረው ሲል «እሱን ስጠኝ» አልኩት። አቧራውን በነጠላዬ ጠረግሁና ጋቢናው ላይ፣ መስቀሉን ወደ እኔ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ወደ ቤት ስመለስ መኪናዋ ዝም አለችኝ። እንዲህ ዝም ስትል ሰምቻት አላውቅም። ቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ልባሱ ከወንበሩ ሊንሸራተት ሲል፣ መሪውን በአንድ እጄ እንደያዝኩ ሌላውን ዘርግቼ ያዝኩት፤ ቤት እስክደርስም አልለቀቅሁትም።