የውብነሽ ቀይ ምንጣፍ

ውብነሽ አንድ ጊዜ ከደጃፏ መልሳኛለች። ጎረቤቷ ነኝ፤ ልጇን ትርፌን ስትወልድ ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ ጨው ሲያልቅባት የምትሮጠውም ወደ እኔ ነው። ያም ሆኖ በሩን በጀርባዋ ገጥማ «የሻረግ፣ እንዳትገቢብኝ» አለችኝ። ምክንያቱ የመኪና ምንጣፍ ነበር። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብግን እላለሁ።

ያኔ በጃንሆይ ዘመን አርብ ገበያ ውስጥ እንደ ውብነሽ ቀለም የሚያውቅ አልነበረም። ሴቱ ሁሉ ለሞሰብና ለሰፌድ የሚሰፋበትን አለላ የሚገዛው ከእሷ ነው፤ ቀዩንም፣ አረንጓዴውንም፣ ሐምራዊውንም። ባሏ እንየው ከሞተ በኋላ ትርፌን ያሳደገችው በዚሁ ነው። በኋላ በበጋ በበጋ መኪና ወደኛ ብቅ ማለት ሲጀምር ሌላ ሥራ ጨመረች። መንገዱ መንገድ አይባልም፤ መኪናው ሲደርስ ውስጡም ውጩም አፈር ብቻ ነው። ሾፌሮቹ ወንዝ ዳር አቁመው ውጩን ያጥባሉ፣ ምንጣፉን ነቅለው ለውብነሽ ያመጡላታል። እሷ በእንዶድ ታጥበዋለች፣ በዱላ እየደበደበች አቧራውን ታወጣለች፣ ፀሐይ የበላው ከሆነ ደግሞ ቀለም ታጠጣዋለች።

ቀለም ማጠጣቱ ላይ ቀልድ አታውቅም። በግማሽ በርሜል ውሃ ታፈላለች፣ ቀለሙን በጥብጣ ጨው ጣል ታደርጋለች፣ ምንጣፉን በእንጨት እያገላበጠች ትቀቅለዋለች። ሲበቃው እሳቱን ታዳፍንና እዚያው ውሃው ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ትተወዋለች፤ ቸኩሎ ያወጣ ሰው ቀለሙን ወንዝ ይወስድበታል ትላለች። ከእናቷ የወረሰችው ሕግም ነበራት፤ ቀለም ሲፈላ ከውጭ የመጣ ሰው አይገባም። ከቀብር የመጣማ ደጁንም አይረግጥ። ይህ ሕግ ግን እኔን ነክቶኝ አያውቅም ነበር።

አሁን ስለ ስዕለቷ ልንገራችሁ። ትርፌ ሕፃን ሳለች ኩፍኝ ይዟት ሞት አፋፍ ደርሳ ነበር። ውብነሽ ወደ ደብራችን ወደ ቤተ ልሔም ዞራ ተንበረከከችና «ልጄን ማርልኝ እንጂ የቤተ ክርስቲያንህን ምንጣፍ በእጄ ቀለም አድሳለሁ» ብላ ተሳለች። ልጅቱ ዳነች። የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ግን እንዲሁ ለጠየቀ ሁሉ አይሰጥም። የደብሩ አለቃ ቀለመ ወርቅ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ «መጀመሪያ የግራዝማችን የመኪና ምንጣፍ ሥሪ። እሳቸው ከወደዱት የኛን እሰጥሻለሁ» አሏት። እንግዲህ የሴትዮዋ ስዕለት በግራዝማች ይርዳው አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

ግራዝማች ይርዳው የድንበር ክርክር የሚዳኙ፣ በአገሩ ላንድሮቨር ያላቸው ብቸኛ ሰው ነበሩ። ተከራካሪ ሲመጣባቸው ማሳው ድረስ ሄደው፣ የወሰኑን ድንጋይ በዓይናቸው አይተው ነው የሚፈርዱት። የሚከበሩትም በዚሁ ነው። መኪናዋን አሮጌ ሆና ነው ከጎንደር የገዟት። ወለሏ ላይ የተነጠፈው የሱፍ ምንጣፍ ነጥቶ ነጥቶ፣ ቀይ እንደነበረ የሚያሳብቀው ከወንበር ሥር የተደበቀው ጫፉ ብቻ ነበር።

ውብነሽ አቀለመችው። አጥር ላይ ሲሰጣ አየሁት፤ የተሰጣ በርበሬ ይመስል ነበር። የግራዝማች ሾፌር ፈንታሁን ጠቅልሎ ወሰደው። በሳምንቱ ዓርብ ግን መልሶ አመጣው።

«ግራዝማች ደብዝዟል ብለዋል፣ እትየ ውብነሽ።»

ውብነሽ ምንጣፉን ዘርግታ አየችው። «ይኼ ነው የደበዘዘው?»

«እንግዲህ እሳቸው ካሉ» አለና መሬት መሬት አየ።

እኔም ተጠርቼ አየሁት። መጀመሪያ ቀይ መስሎኝ ነበር። ግራዝማች ደብዝዟል ማለታቸውን ስሰማ ግን ጫፍ ጫፉ እውነትም ሳሳ ያለ መሰለኝ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ባለማዕረግ ደብዝዟል ያለውን ቀይ ነው ብሎ የሚከራከር ከየት ይመጣል? ጎረቤቱ እየመጣ አየ፣ አንገቱን እየነቀነቀ ሄደ። ውብነሽ ምንጣፉን አንዴ ጥላ ውስጥ አንዴ ፀሐይ ላይ እያደረገች ስታገላብጥ ዋለች። ለእሷ ቀይ ነው። ለሰው ሁሉ ደብዝዟል። በገዛ ዓይኗ መተማመን አቃታት።

ከዚያ ጥፋቱን ፍለጋ ገባች። ውሃው ነው ብላ ከሌላ ምንጭ አስቀዳች። እንጨቱ ነው ብላ ወይራ ብቻ ማንደድ ጀመረች። ቀለም ሻጩን አዱኛን ዱቄት ቀላቅለህብኛል ብላ ገበያ መሃል አዋረደችው፤ ሰውየው በማርያም ማለላት። በመጨረሻም እኔ ትዝ አልኳት። ለካ መጀመሪያ ያቀለመች ቀን ከጎረቤታችን ከገብሬ እናት ቀብር መልስ ጎራ ብዬ ነበር፣ በርሜሉ እየፈላ። እንግዲህ ያጠፋሁት እኔ ሆንኩ። ሁለተኛውን ጊዜ ስታቀልም በሩን በጀርባዋ የገጠመችብኝ ለዚህ ነው። ጠበል ሳይቀር በውሃው ላይ ረጨች አሉ።

በሚቀጥለው ዓርብ ግራዝማች ራሳቸው መጡ። አለቃ ቀለመ ወርቅም ነገሩን ሊያዩ ከቤተ ልሔም ወርደው ነበር። ፈንታሁን የጌታውን ክንድ ደግፎ ከመኪናው አወረዳቸው፤ እኛ ክብር መስሎን ነበር። ምንጣፉን ሲሰጧቸው ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ አፍንጫቸው ሊነካው እስኪል።

«አመድ መስሏል» አሉ።

ከበው የቆሙት ሁሉ «እውነት ነው» እያሉ አጉረመረሙ። አለቃ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው ከግራዝማች ፊት ለፊት፣ እጅ ቢዘረጉ የሚደርሱበት ቦታ ላይ ቆመው ነበር።

«አለቃ የታሉ? መጥተው ይዩት እንጂ» አሉ ግራዝማች።

ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ የለመዱት ቀልዳቸው መሰለው። አለቃም እየሳቁ «ምነው ጌታዬ፣ ይህን ያህል አነስኩብዎ? እዚሁ ነኝ። ለኔም ሳሳ ያለ መስሎኛል» አሉ።

ውብነሽ ብቻ አልሳቀችም። ከሩቅ ሆኜ አያታለሁ፤ ተኳርፈን ነበርና። ቀና ብላ የግራዝማችን ፊት አየች። በዓይናቸው ብሌን ላይ አጓት የመሰለ ነጭ ነገር ተጋርዷል። ወደ ፈንታሁን ዞረች። ፈንታሁን ከንፈሩን ነክሶ፣ ማንም ሳያየው ራሱን ነቀነቀ፤ አደራሽን ማለቱ ነው። ምንጣፉ ቀይ ነው፣ የማያዩት እርስዎ ነዎት ብትል አለቃ የቤተ ክርስቲያኑን ይሰጧት፣ ስዕለቷም ይፈጸም ነበር።

«ልክ ነዎት ጌታዬ» አለች። «ቀለሜ አልያዘም።»

«እንግዲያው የቤተ ክርስቲያኑን እንተወው፣ ልጄ» አሉ አለቃ። ግራዝማች ምንጣፉን እዚያው ጣሉላት። ጠቅልላ ተሸክማ፣ በሰው መሃል አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ እኔ ዘንድ መጣችና ሁሉንም ነገረችኝ። እኔም ጮህኩባት። «አንቺ ሞኝ! ስዕለትሽንስ ተይው፤ በማያይ ዓይን ወሰኑ የተፈረደበት ገበሬስ? እሱን አሰብሽው?»

አላሰበችውም ነበር።

«እኔ እንጃ የሻረግ። ሽማግሌ ሰው በገበያ መሃል አያዩም ይባላል? ኃጢአት ይሆን? እኔ እንጃ።» ይህን ‹እኔ እንጃ› ስንቴ እንዳለችው። እኔም ብሆን ምን ማድረግ እንደነበረባት ዛሬም አላውቀውም። በሩን ስለዘጋችብኝ ግን ጉልበቴን ይዛ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅር አልኳት፤ እያጉረመረምኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ግራዝማች ዓይናቸው እንደከዳቸው ገብቷቸው በእግራቸው መጡ፣ ፈንታሁን እየመራቸው። ውብነሽ ደጅ መደብ ላይ ተቀመጡና «እውነቱን ንገሪኝ። ምንጣፉ ምን ነበር?» አሏት።

«ቀይ ነበር ጌታዬ። አሁንም ቀይ ነው።»

ምንጣፉን አስመጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉትና በመዳፋቸው ዳበሱት። በኋላ «በቅርቡ የፈረድኩት ሁሉ በሌላ ዳኛ ይታይ ብያለሁ። እኔ ከእንግዲህ አልፈርድም» አሉ። ምንጣፉንም ለቤተ ልሔም እንዲሰጥላቸው ለፈንታሁን አዘዙት።

አለቃ ምንጣፉን ሲያዩ «ይህን የመሰለ ቀይ! ከጎንደር ነው ያስመጡት?» አሉ አሉ። ፈንታሁን ያ የውብነሽ ቀለም ነው፣ ያኔ ደብዝዟል ያልነው ነው ቢላቸው አላመኑትም። «የሷ ቀለም አይይዝም፤ በገዛ አፏ ነግራኛለች» አሉና ነገሩን ዘጉት። ያን ቀን አለቃን ልሰድባቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ምንጣፉ ጠበል ተረጭቶ በሴቶቹ በር በኩል ተነጠፈ።

ስዕለቱ ደረሰ ወይስ አልደረሰም? ውብነሽ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። እሳቸውም ቀለሙ ያንቺ ነው፣ ምንጣፉ ግን የተሳልሽው አይደለም፤ እስኪ ላስብበት አሏትና ሳይመልሱላት ሞቱ። እሷም በየበዓሉ ከዚያ በር ላይ እየቆመች፣ ይቆጠርልኝ ወይስ ገና ዕዳ አለብኝ እያለች ስትብሰከሰክ ኖረች።

ብዙ ዓመት አለፈ። ትርፌ ተድራ ወገዳ የሚባል አገር ገባች። አንድ በዓል ቀን እንደ ልማዳችን ከበሩ አጠገብ ቆመን ሳለ ውብነሽ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ።

«የሻረግ፣ ምንጣፉ ደብዝዟል?»

አየሁት። የጧፍ ሰም ተንጠባጥቦበታል፣ ጫፉም ተበልቷል፤ ቀለሙ ግን ያው አጥር ላይ ያየሁት በርበሬ ነው። ከዚያ ዞሬ እሷን አየኋት። ከምንጣፉ አልፋ ወዲያ ነው የምታየው። ግራ ገባኝ። ደብዝዟል ብላት ቀለሟን ልገድልባት ነው፤ ቀይ ነው ብላት ደግሞ ዓይኗን። እንደሷ ለሰው ብዬ መዋሸት መቼም አይሆንልኝም።

«ቀይ ነው» አልኳት። «ልክ እንደ ድሮው።»

ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገችና ፊቷ በራ።

«እንግዲያስ ዓይኔ ነዋ» አለች። «ተመስገን።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ክንዷን ይዤ መራኋት።