ራሃድ ዳር የተውኩት ድንጋይ

ባለፈው ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ኑርሁሴንን ይዤ ወደ ራሃድ ወንዝ ወረድኩ። ስንሄድ እኔ ነበርኩ እጁን የያዝኩት። ስንመለስ ግን እሱ እኔን ይዞኝ ገባ... እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኑርሁሴን አብሮ አደጌ ነው። ከቋራ አብረን ተሰደድን፣ እዚህ ሱዳን፣ መፋዛ ላይ አብረን አረጀን። ከካቻምና ጀምሮ ግን ትዝታው ተቀላቀለበት። ቁርስ መብላቱን ይረሳል፤ የልጅነቱን ግን አንዷንም አይረሳም።

«ቤት ውስጥ ታፈነ፣ ውሃ አሳይልኝ» ያለችኝ ልጁ ዘሃራ ናት። ልንወጣ ስንል በር ላይ በዓረብኛ አጎቴ ብላ ጠራችኝ።

«ያ ዓም ሙሄ፣ አቡይ ምንም ቢል ጠይብ፣ እሺ ብቻ በለው። አትከራከረው። ወላሂ ያለቅሳል።»

«እኔ ለሕፃንም ለበሽተኛም አልዋሽም» አልኳት።

«እሱንማ አገር ያውቀዋል» አለችና በሩን ዘጋችው።

ራሃድ የሚወርደው ከእኛው ተራሮች ነው። እላይ ሺንፋ እንለዋለን። ልጆች ሳለን ሁለት ተራራ መሃል፣ ከመንደር ርቀን እንዋኝበት ነበር። ደንብ ነበረን። ውሃ የሚገባ ሁሉ ዳር ካለው ቋጥኝ ላይ አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ሲወጣ ያነሳል። ድንጋይ ከቀረ ሰው ቀርቷል ማለት ነው። የሌላ ሰው ድንጋይ ያነሳ ይደበደባል።

የኑርሁሴን ታናሽ ወንድም ከማል አንድ ቀን ገብቶ አልወጣም። አስከሬኑ ከታች ተገኘ። ድንጋዩን ማንም አላነሳውም።

ይህን ደንብ እዚህም አልተውኩትም። ሰሊጥ አጨዳ የሚሠሩ የአገራችን ወጣቶች ጁምዓ ጁምዓ ወንዝ ይወርዳሉ፤ ይዋኛሉ፣ ዓሣ ይጠብሳሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ። እኔ ካለሁ ያለ ድንጋይ የሚገባ የለም። ያን ቀንም አንዱ ቀልደኛ፣

«ያ ዓም፣ ለሳሙናዬም ድንጋይ ላስቀምጥለት?» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

«ሳሙናህ ቢሰምጥ እናትህ አታለቅስም» አልኩት። ድንጋዩን አስቀመጠ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጣቶቹ ድንጋይ ድንጋያቸውን እያነሱ ሄዱ። ኑርሁሴንን እንሂድ ልለው ስዞር ቋጥኙ አጠገብ ቆሟል። ቋጥኙ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ አለ።

ደነገጥኩ። «ማን ቀረ?»

«ከማል ነዋ! ቸኩሎ ዘሎ ገባ፤ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩለት።»

«ኑርሁሴን፣ ከማል ሞቷል። ልጆች ሆነን ነው የሞተው።»

አፍጥጦ አየኝ። «ሞቷል? ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለቅሶው የዚያን ዕለት እንደሞተበት ሰው ነበር።

ጥቂት ቆይቶ እንባውን በጀለቢያው ጠረገና ቀና አለ። «ሙሄ፣ ከማል አልወጣም እንዴ?»

ደግሜ ነገርኩት። ደግሞ አለቀሰ። እንደገና ጠየቀኝ... ለአንድ ሞት ስንት ጊዜ መርዶ ይነገራል?

መልሴን ሳይጠብቅ ጀለቢያውን ማውለቅ ጀመረ። «ገብቼ ላውጣው። ለእናቴ ምን እላታለሁ? ጠብቀው ብላ የሰጠችው ለእኔ ነው!» በዚያ ጉልበቱ ቢገባ አይወጣም። ብይዘው ታገለኝ።

«ቁጭ በል፣ እኔ እፈልገዋለሁ» አልኩት። ይህ ውሸት አይደለም። እገባለሁ፣ እፈልጋለሁ፣ አጣሁት እለዋለሁ ብዬ ነው።

ልብሴን አወለቅኩ። ደንብ ነውና የራሴን ድንጋይ ከነጩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ጠልቄ በእጄ ጭቃውን ዳሰስኩ። ማንም እንደሌለ እያወቅኩ ዳሰስኩ...

ስወጣ ፀሐይዋ ከጀርባዬ ነበረች። ኑርሁሴን ተንደርድሮ መጥቶ እርጥብ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«ከማል! አንተ ባለጌ! እናቴ ብትሰማ እኔን ነበር የምትገድለኝ!»

ይስቃል፣ ይመታኛል፣ ደግሞ ያቅፈኛል። እኔ አይደለሁም ልለው አፌን ከፈትኩ።

«ድንጋይህን አንሳ እንጂ! ምን ትገተራለህ?»

ነጩን ድንጋይ አነሳሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድንጋይ ነክቼ አላውቅም ነበር።

እንዳላመልጠው እጄን አጥብቆ ይዞኝ መንገድ ጀመርን። ትንሽ ሄደን ዞር አለና ቆመ።

«ያ የቀረው ድንጋይ የማን ነው?»

«የሙሄ ነው።»

«ሙሄ አልወጣም?»

«ይወጣል። ዋና ይችላል።»

«ደረቅ ነው እሱ። በቃኝ ካላለ ማንም አያወጣውም» አለ። ቤት እስክንደርስ ግን ወደኋላ ማየቱን አልተወም።

ዘሃራ በር ላይ ጠበቀችን። «ከማልን ይዤው መጣሁ!» አላት። እሷ እኔን አየችኝ። ጠጉሬ ገና አልደረቀም።

«ጠይብ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ስገባ ከማል ነኝ። ደስ ብሎት አጠገቡ ያስቀምጠኛል። ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሙሄስ?» ይለኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። ለእኔ ለሙሄም እንባው ይመጣል።

ድንጋዬ አሁንም ቋጥኙ ላይ ነው... ባነሳው ሙሄ ወጣ ማለት ነው፤ ከማል እንደገና ይሞታል።