የሰንጢው ብሎን

ወንድሜን ከገበያ ሲመለስ አፍሰው ቀበሌ አዳራሽ ዘጉበት። ለብሔራዊ ውትድርና ነው። ከዚያ ሆኖ የላከው መልእክት አንድ ብቻ ነበር፤ «ሰንጢዬን ላኩልኝ»። እኔማ ተናደድሁ። ሰው ጋቢ ላኩልኝ ይላል፣ ስንቅ ይላል፤ የሱ ነገር ሰንጢ ሆነ! ጣና ላይ መረብ ሲጥል የተተበተበ ገመድ የሚቆርጥባት፣ የቀንድ እጀታ ያላት ተጣጣፊ ቢላ ነበረች። ስለቱንና እጀታውን የሚያያይዘው ብሎን ግን ወልቆ ሐይቅ ገብቶበት፣ ሰንጢዋ ሁለት ቦታ ሆና ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች።

እናቴ «የተለያየ ነገር ለመንገደኛ አይሰጥም፤ ተለያይቶ መቅረት ነው» አለች። «ሂጂና ብሎን ፈልጊ።»

ሄድሁ። ያን ጊዜ ብሎን እንኳ ብርቅ ነበር። ገበያው ዳር ሰዓት የሚጠግኑ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ፤ ከተሰበረ ሬዲዮና ከአሮጌ ብስክሌት የወለቀውን ሁሉ በወተት ጣሳ ያጠራቅማሉ። ጣሳውን ጨርቅ ላይ ገለበጡልኝና እየለካን መረጥን። አንዱ ወፍሮ ቀዳዳው አልገባም አለ። ሌላው ቀጥኖ ስለቱ ተወዛወዘ። ልክ መጣ ያልነው ደግሞ ረዝሞ ጫፉ በእጀታው ማዶ ብቅ አለ።

«ይኼን ብሰጥሽ የወንድምሽን እጅ ይበላዋል» አሉና ጣሳው ውስጥ መለሱት። «ልጄ፣ ጥርሱ ያልያዘ ብሎን በጭንቅ ቀን ይከዳል። የማይሆነውን አልሰጥሽም።»

ባዶ እጄን ተመለስሁ። እናቴ በልብስ ስፌት ነበር የምታሳድገን። ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደችና መርፌውን አጥብቃ የምትይዘዋን ትንሽ ብሎን ፈታች። ሰንጢው ላይ አስገባቻት፤ ልክክ አለች።

«በምን ልትሰፊ ነው?» አልኋት።

«ሲመለስ ይመልስልኛል። እስከዚያ በእጄ።»

የቀበሌው ጥበቃ ሰንጢዋን ከፍቶ ዘግቶ ሳቀ። «ክላሽ ልንሰጠው ነው፤ በዚች ምን ሊሠራ ነው?» ብሎ አቀበለው። ወንድሜ በመስኮቱ በኩል ብሎኗን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ከየት እንደመጣች ዐወቀ መሰለኝ፣ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። በማግስቱ ጫኗቸው።

እናቴ በእጇ ሰፋች። ሌላ ብሎን እናምጣልሽ ስንላት «የኔዋ ትመጣለች» ትላለች። ዓይኗ ደከመ፤ ደንበኛውም ጥሎን ሄደ።

ደርግ ሊወድቅ ሲል አንድ በክራንች የሚሄድ ወታደር ቤታችንን አጠያይቆ መጣ። ከወንድሜ ጋር አንድ ምሽግ ነበርሁ አለ። ከኪሱም አውጥቶ ሰንጢዋን መደቡ ላይ አስቀመጠ። እጀታዋን ዐወቅሁት፤ ጫፉ ላይ ያለችው ስንጥቅ እንኳ አለች። ልጮህ ስል እናቴ በዓይኗ ከለከለችኝ። ሰንጢዋን ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠቻት።

«ብሎኑ የኔ አይደለም» አለች።

እውነቷን ነው። አናቱ ሰፊ፣ የዛገ፣ ከጦር መሣሪያ የወለቀ የሚመስል ሌላ ብሎን ነበር።

«ይኼ የልጄ አይደለም። አንተም ደክመሃል፣ እህል ቅመስ» አለችው። ወታደሩ እኔን አየኝ፤ እኔ አቀረቀርሁ።

ብሎን ይወልቃል፣ ሰውም ያገኘውን ይተካል። ይኼ ለሷ ጠፍቷት ነው? መርዶ ሊነግሩ የመጡትን ሽማግሌዎች ከደጅ መለሰቻቸው። ልቅሶ አልተቀመጥን፣ ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ። ጥቁር ሳልለብስ ኖርሁ። አዝንላታለሁ፣ ግን ደግሞ ተቀይሜያታለሁ፤ ተስፋዋን ልታቆይ ብላ የኔን ልቅሶ ነጠቀችኝ።

እሷ ስታርፍ የስፌት መኪናዋ እንደዚያው ያለ መርፌ ነበረች። ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው፤ የወንድሜንም ጨመርሁ።

«እሱ ደግሞ መቼ ነው ያረፈው?» አሉኝ።

«ከእናቴ ጋር ነው፣ አባ» አልኋቸው።