ለእንግዳ የተፈላ የቡና ቅጠል

ረይሃና ጅማ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ የሰው አንጀት ሕዋሳት ታሳድጋለች። በስስ ወንፊት ላይ ትዘራቸዋለች፤ ተያይዘው እንደ አንጀት ግድግዳ እስኪሆኑ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ ከላይ የዕፅዋት ጭማቂ ታፈሳለች፣ ከታች ጠብ ያለውን ትለካለች። የጊንጆ ሰፈር ጎረቤቶቿ ነርስ ትመስላቸዋለች፤ እሷም ማስረዳት ከሰለቻት ቆይቷል።

ገጠር፣ ደዶ ያሉት እናቷ ዙቤይዳ ምግብ አልወርድ ካላቸው ጀምሮ፣ አባቷ ጠሃ የቡና ቅጠል እያፈሉ ይግቷቸው ነበር። ያስመልሳቸዋል፤ ጠሃ ግን አገጫቸውን ይዘው ይደግማሉ። አንድ ቀን በስልክ፣ «ማሎ ልጄ፣ ሰውነቷ ውስጥ ይገባል? ወይስ በከንቱ ነው የማሰቃያት?» አሏት። ረይሃና ቅጠሉን እንዲልኩላት ጠየቀች።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለከተማ ሰው ጥሬ ቅጠል መላክ ጠሃን አሳፈራቸው። ቆልተው፣ በዝንጅብል አፍልተው፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው ጨው ጨመር አድርገው በጀሪካን ላኩላት። እሷም የቤቷን ወግ እንደማታውቅ ሰው ሳትጠይቅ አጣርታ አፈሰሰችው። በማግስቱ ሕዋሳቱን ሞተው ተንሳፍፈው አገኘቻቸው። ጨው ፈጃቸው። እንደገና መዝራት ነበረባት።

ዙቤይዳ ያን ያህል አልቆዩም።

ተዕዚያው፣ የለቅሶው መቀመጥ፣ እንዳበቃ ረይሃና ሥራ ገባች። አለቀሰች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ አላለቀሰችም። ዘመድ ሁሉ ልበ ደንዳና አላት። ምንም አይሰማትም ነበር፣ ሐሜቱም ጭምር። ጥሬ ቅጠል አስመጥታ አዲሶቹ ሕዋሳት ላይ ሞከረች። ፍላቮኖይድ የሚባለው የቅጠሉ ንጥረ ነገር ስኳር ተጣብቆበት ይመጣል፤ ስኳሩ ካልተቆረጠለት ሕዋሱ እምብዛም አያስገባውም። ካስገባውም በኋላ አብዛኛውን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ከታች ያገኘችው እጅግ ጥቂት ነበር። ያም ቢሆን ሕመም የሚያሽር አይደለም።

ደዶ ስትደርስ ጠሃ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ቅጠሉ አለፈ?» አሏት።

«አልፏል፣ አባ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ፣ አልፏል።»

ምን ያህል እንዳለፈ አልጠየቋትም፤ እሷም አልጨመረችም።

ጠሃ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። «አልሃምዱሊላህ። የመጨረሻ ቃሏ ‹ጠሃ፣ በቃኝ፣ ተወኝ› ነበር። እኔ ግን አጠጣኋት።»

ረይሃና እጃቸውን ያዘች። የእሷ ዓይን እንደ ደረቀ ነበር።